ለሙሌ አርባ ካልጋሪ፣ ደርሶ መልስ

የመጨረሻው ተራ ቀን ቅዳሜ ነበር። ካሮት ከምናጥብበት መጋዘን ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ ኬን መሰላል ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የተጠቀለለ ባንዲራ በብብቱ ይዞ ቆሟል። የምኖረው በእንግሊዝ ምሥራቅ በኩል ባለች ትንሽ የእርሻ ከተማ ነው። በዚያ ክረምት በየመብራት ምሰሶው ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። አንዳንዱ አገሬን ስለምወድ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ እኔ ያለው ሰው አይቶት እንዲሄድለት ነው የሚሰቅለው። ጨርቁ አንድ ስለሆነ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

«ልጄ፣ መሰላሉን ያዝልኝ እስቲ» አለኝ።

ያዝኩለት። ምን ላድርግ? ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ይህን ስታነቢ ሽማግሌውን አንተ እያለ ይጽፋል ብለሽ እንዳትቆጪ። «ሚስተር» ስለው ራሱ ነው የሚቆጣው።

ማታ ወንድሜ ሙሉጌታ ከካልጋሪ ደወለ። እዚያ ቀትር ነበር። ነገርኩት።

«ምን አደረግክ?»

«መሰላሉን ያዝኩለት።»

«ሊያባርርህ ባንዲራ ሲሰቅል አንተ መሰላል ያዝክለት?»

«ሊወድቅ ይችላል እኮ፣ ሙሌ።»

«ይውደቃ!»

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመ። ሙሌ የዕቃ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዜና ይሰማል። ካልጋሪ ቁጭ ብሎ የእንግሊዝን ፖለቲካ ከእኔ በላይ ያውቃል። «አዲሱ ፓርቲ የሰጡህን ወረቀት እነጥቃለሁ ይላል። ያለው መንግሥት ደግሞ እነሱን ፈርቶ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠበቅበትን ዓመት ሊያስረዝመው ነው። አንተ ካሮት እጠብ። ቅጹ ተሞልቷል፣ አለቃዬ ፈርሟል፣ የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው።»

ቅጹ ካልጋሪ መጥቼ እሱ ጋር እንድሠራ የሥራ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። ዓመት ሙሉ በእሱ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«አስብበታለሁ» አልኩት።

«ነገ መልስህን እፈልጋለሁ። ነገ ኮል አድርግልኝ።»

ተናድዶ ዘጋው። ወይም የተናደደ መሰለኝ። እሑድ አልደወልኩም። ሰኞ ስደውል አይነሳም።

ማክሰኞ ንጋት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ አየሁ። አምስት ሰዎች፣ ጥቁር ኮት የለበሱ፣ ኮፍያቸውን ዝቅ ያደረጉ። አይነጋገሩም። ያን ሰሞን በአቅራቢያችን ባለ ከተማ ስደተኞች ያረፉበት ሆቴል ፊት ሰልፍ ነበር፣ መስኮት ተሰብሮ ነበር። ስልኬ ላይ ጧት ማታ የማየው እሱን ነው። ወለሉ ላይ ተኛሁ። ተኝቼ ለኬን ደወልኩ።

«ኬን፣ ሰዎች መጡብኝ።»

በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ አካፋ ይዞ ወጣ። ባንዲራው ከራሱ በላይ ነው። «ከልጁ ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲል ሰማሁ። አንደኛው ሰውዬ ቀስ ብሎ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ነገረው። አልሰማሁም። ኬን ግን አካፋውን ከግድግዳው አስደገፈ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

ያን ጊዜ አወቅሁ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሰው እንደሞተ ግን አወቅሁ።

«ክፈት ልጄ» አለ ኬን በሩን እያንኳኳ። «የራስህ ሰዎች ናቸው።»

የሙሌ ሚስት ሰብለ በስልክ ልትነግረኝ አልፈለገችም። በቤተ ክርስቲያን በኩል ሰው አፈላልጋ ላከችብኝ፤ ጋሽ በቀለ የሚባሉ አባት አራት ሰው አስከትለው ከሌላ ከተማ በሌሊት ነድተው መጡ። እኔም ሩብ ሰዓት ሙሉ ደጅ አቆምኳቸው። መርዶ ይዘው የመጡ ሰዎችን ደጅ ያቆመ ሰው በሰፈራችን ሰምቼ አላውቅም። ሙሌ እሑድ ጧት ጫማውን ሲያስር ነው ልቡ የቆመው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ቤቴ ያለው ሁለት ኩባያ ነው። ኬን ከቤቱ ስምንት ኩባያ አምጥቶ ሻይ አፈላ። እስከ ቀትር ከእኛ ጋር ተቀመጠ። «ሁልጊዜ እንዲህ መጥተው ነው የሚናገሩት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ኩባያውን አስቀመጠ። «የእኔ ሚስት ስትሞት ሆስፒታሉ ነው የደወለልኝ። ሱቅ ውስጥ ወተት ይዤ ቆሜ ነበር።»

የእኔ የጉዞ ወረቀት የስደተኛ ስለሆነ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛው ሲመጣ ቀብሩ አልፏል። ለአርባው ግን ደረስኩ። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና «የተቀበረበት አፈር ምን ዓይነት ነው? ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ» ስላለች ነው ይህን የምጽፈው። እሷም ሰፈራችንም ካልጋሪን አያዩም።

የመጀመሪያው ቀን

ኬን በመኪናው ባቡር ጣቢያ አደረሰኝ። ሳንድዊች ጠቅልሎልኛል፣ አይብ ብቻ ያለበት።

«ትመለሳለህ?» አለኝ።

«ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ባቡሩ መጣ።

ከለንደን ካልጋሪ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይበራል። ዶሮ በሩዝ ሰጡን። እኔ የበላሁት የኬንን ሳንድዊች ነው። ስንደርስ ቀኑ አልመሸም፤ ከሌሎቹ ለይተው ሌላ ክፍል አስገቡኝ። መኮንኗ ሴት ናት፣ ክፉ አይደለችም።

«ወንድምህ ከሞተ ቆየ። ቀብሩ አልፏል። አሁን የመጣኸው ለምንድን ነው?»

አርባ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። «በአርባ ቀኑ እንጸልይለታለን። ሰው እናበላለን» አልኩ።

«ማንን?»

«የመጣውን ሁሉ።»

አየችኝ። «ትመለሳለህ?» አለች። ትኬቱን አሳየኋት። ማኅተሙን መታች።

ውጭ ጋሼ ተስፋዬ ይጠብቁኝ ነበር። ሙሌ ካልጋሪ ሲገባ ቤታቸው ያሳረፉት፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። አቅፈውኝ አለቀሱ። ከዚያ ጫማዬን አዩ። «በዚህ ሸራ ጫማ ነው የመጣኸው? አየህ በረዶውን?» ገና ጥቅምት ሳይገባ መሬቱ ነጭ ነው። ቅዝቃዜው ግን የእንግሊዝ ዓይነት እርጥብ አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ነው። አፍንጫዬ አወቀው።

መንገዱ ሰፊ ነው። እንግሊዝ ሁለት መኪና ሲተላለፍ አንዱ አጥር ውስጥ ይገባል። እዚህ አንድ መንገድ ላይ ገበያ ይቆማል።

ሁለተኛው ቀን

የሙሌ ቤት ቴምፕል የሚባል ሰፈር ነው፣ ዝቅ ያለ፣ በሩ ቡናማ። የገባሁ ማታ ሰብለ በሩ ላይ ይዛኝ ቆየች። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃቸው ሐና ከኋላዋ ቆማ «ሃይ፣ አጎቴ» አለች። ድምፅዋ የእሱ ነው።

ያሳደሩኝ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የፍራሹ ፕላስቲክ ገና አልተቀደደም። «ላንተ ነው ያዘጋጀው» አለች ሰብለ። «ስንት ሰው እንከራየው ሲለው፣ ወንድሜ ይመጣል ብሎ ዓመት ሙሉ ዘግቶት ኖረ።» ፕላስቲኩን መቅደድ አልቻልኩም። ላዩ ላይ ተኛሁ። ስገላበጥ ይንኮሻኮሻል።

ጧት መሳቢያውን ከፈተችልኝ። ቅጹ እዚያ ነው። ፊርማዬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፎበታል፣ እንዳልስተው።

ሦስተኛው ቀን

ጋሼ ተስፋዬ መቃብሩ ጋ ወሰዱኝ። ድንጋዩ ገና አልቆመም፤ ስሙ የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ ናት ያለችው። በረዶውን በእጄ ጠረግሁ።

እናቴ፣ አፈሩ ጥቁር ነው። ጠጠር የለውም። ጨብጬ አየሁት፤ የጓሯችንን ይመስላል፣ ገብስ የሚያበቅል ነው። ዙሪያው ሜዳ ነው። በምዕራብ በኩል ተራራ ይታያል፣ ራሱ ነጭ። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

አራተኛው ቀን

ሥራ ቦታው፣ ሎከር በሚሉት ቁም ሳጥን ውስጥ የሙሌ ዕቃ ቀርቶ ነበር። ሰብለ አላየውም አለች። እኔ ብቻዬን ልሂድ ብዬ በባቡር ሄድኩ። ዋይትሆርን የሚባል ጣቢያ ወርጄ አውቶቡስ መያዝ ነበረብኝ፤ ተሳፈርኩ፣ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ። ብዙ ከሄድን በኋላ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቤት ሆነ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሹፌሩ ጥምጥም ያደረገ ሽማግሌ ነው። «ወዴት ነህ?» አለኝ። አድራሻውን አሳየሁት። ሳቀ። «ታራዴል ነው ያለኸው። የመጣህበትን መንገድ ሁሉ ትመለሳለህ።» ጫማዬን አየና ማሞቂያውን ወደ እግሬ አዞረልኝ። ከሻይ መያዣው በክዳኑ ቀድቶ ሰጠኝ። ቅመም ያለው ነው፣ ወተት የበዛበት። ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። የት እንደምኖር ሲሰማ «እንግሊዝ!» አለ። «አባቴ እዚያ ሠርቷል። ያኔም ውጡልን ይሏቸው ነበር።» «ታዲያ ወጡ?» አልኩት። «አክስቴ አሁንም እዚያው ናት። የልጅ ልጆቿ እንግሊዝኛ እንጂ ሌላ አያውቁም።»

ሙሌ ዕቃ ከሚጭንበት መጋዘን ስደርስ ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። ገና ስሜን ስነግራቸው አንዱ «ኦ፣ ባለ መሰላሉ!» አለ። ሌሎቹ ፈገግ አሉ። አለቃውም ጨበጠኝና «የመሰላሉ ወንድም አንተ ነህ?» አለ። ፊቴ ጋለ። ሙሌ ለሁሉም አውርቷል ማለት ነው። ሊያባርሩት ባንዲራ ሲሰቅሉ መሰላል የያዘ ሞኝ ወንድም አለኝ ብሎ ሳቀብኝ ማለት ነው። በስልክ የሳቀው ሳቅ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

አለቃው ቅጹን እንደሚያውቀው ነገረኝ። «ቃሌ ቃል ነው። ሰኞ ድረስ ፈርመህ አምጣ።» ከሎከሩ የወጣው ጃኬት፣ ማበጠሪያና አንድ ጥንድ የቆዳ ጓንት ነው። ጓንቱ የእጁን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። እንደያዝኩት ተመለስኩ።

ስድስተኛው ቀን፣ አርባው

ቅዳሜ ነበር። ቀኑ ቀደም ብሎ ቢሞላም ሰው ሥራ በማይገባበት ቀን ነው የተደረገው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምግብ ተሰጠ። ሐና ውኃ ታድላለች። የሰፈራችን ሴቶች ድንኳን ውስጥ እንደሚያደርጉት ሁሉም የየራሱን ድስት ይዞ መጥቷል፤ ልዩነቱ ድስቱ ላይ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፣ እንዳይቀያየር።

ከበሉ በኋላ ወሬው ወደ እኔ መጣ። አንዷ ወጣት «ናቲ፣ ሪሊ ያባርሯችኋል እንዴ? ቪዲዮውን አይቼ በጣም ፈራሁልህ» አለች። እንዴት እንደምመልስ ሳስብ ጋሼ ተስፋዬ ጣልቃ ገቡ።

«እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህም በዝቷል። ሬንቱ አይቀመስም። ልጆቻችን ሺፍት አጡ። ትንሽ ዘጋ ማድረግ አለባቸው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ በገቡ ማግስት?» አለች ሰብለ።

«እኔማ በሕጉ ነው የገባሁት!»

«በሱዳን በኩል ነው እንጂ!» አለ ከጥግ አንድ ሰው።

አዳራሹ ሳቀ። ጋሼም ሳቁ። ሰብለ ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ኬንን አሰብኩ። ይህንኑ ነገር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ሥራ፣ ኬን አጥሩ ላይ ተደግፎ ነግሮኛል። አንድ ቃል አይቀርም።

ጋሼ ተስፋዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ባለ መሰላሉ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«ሙሌ ነው የነገረዎት?» አልኩ። «ሲስቅብኝ።»

«ሲስቅብህ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ቅዳሜ ማታ ቤቴ መጣ። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሳይወርድ ነው የጀመረልኝ። ‹ጋሼ፣ እኔ ብሆን መሰላሉን እነቀንቅለት ነበር። ናቲ ግን ያዘለት። ይህ ልጅ ከእኔ ይሻላል› ነው ያለኝ። ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ጻፈላቸው። ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ፣ እራት በረደብን።»

ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። በረዶው ይቀልጥ ነበር። ሞቅ ያለ ነፋስ ከተራራው በኩል መጥቷል፤ እዚህ እንዲህ ያደርጋል አሉኝ። ኮቴን ከፍቼ ብዙ ቆምኩ።

ስምንተኛው ቀን

ሰኞ ጧት ቅጹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰብለ የሐናን ምሳ ትቋጥራለች።

«ካልፈረምኩ ታዝኚብኛለሽ?»

«ሙሌ ስለፈራልህ ነው ያዘጋጀው» አለች። «አንተስ ትፈራለህ?»

ያን ማክሰኞ ነገርኳት። ወለሉ ላይ መተኛቴን። ሊያስተዛዝኑኝ የመጡትን ሰዎች ሊገድሉኝ የመጡ መስለውኝ ደጅ ማቆሜን። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። «አዎ፣ እፈራለሁ» አልኩ። «ግን ያ ፍርሃት ያለው እኔ ውስጥ ነው። እዚህም ይዤው ነው የምመጣው። በር ከፍቼ መኖር እዚያው መጀመር አለብኝ መሰለኝ። ያንን ሰፈር... አላውቅም፣ ለምጄዋለሁ። ለመኖሪያ ፈቃድ ለማመልከት ስድስት ወር ነው የቀረኝ።»

«ሕጉን ቢለውጡትስ?»

«ያኔ እታገላለሁ።»

ሐና ቦርሳዋን አዝላ ትሰማ ነበር። «ሶ አትመጣም?» አለች። «በየዓመቱ እመጣለሁ። ፕላስቲኩንም ያኔ እንቀድደዋለን» አልኳት። «ፕሮሚስ?» አለች። ፕሮሚስ አልኩ። አባቷ መልስ ጠይቆኝ ሳልሰጠው ነው የሞተው። ለእሷ ሳልዘገይ መለስኩላት።

ለአለቃው ደውዬ አመሰገንኩት። ሰብለ ቅጹን መሳቢያው ውስጥ መልሳ አስገባችው። «እንዲሁ ይቀመጥ» አለች።

ዘጠነኛው ቀንና መመለሻው

ጋሼ ተስፋዬ አየር ማረፊያ ሲያደርሱኝ አዲስ የበረዶ ጫማ አድርጌ ነበር፤ እሳቸው ናቸው የገዙልኝ። «ለዚያ ሽማግሌ ጎረቤትህ ሰላምታ በልልኝ» አሉ። «መሰላሉን አንተ ላይ እንዳይጥለው።» ለንደን ስደርስ ይዘንባል። ባቡሩ ዘገየ። ሰፈሬ ስገባ መሽቶ ነበር፤ የኬን መብራት ጠፍቷል። ተኛሁ።

በማግስቱ ጧት የኬንን በር አንኳኳሁ። ሲከፍት ትንሽ ቆሞ አየኝ።

«ተመለስክ።»

«ተመለስኩ።»

ደጃፉ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። የጣሪያው ውኃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኗል፣ ባንዲራውም በንፋስ ተቀዶ አንድ ጫፉ እዚያው ውስጥ ገብቷል። ኬን መሰላሉን ለማምጣት ዞረ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። በአውሮፕላኑ ውስጥ ለራሴ ስደጋግመው የመጣሁት ጥያቄ ነበር።

«ኬን፣ ለዚያ ፓርቲ ነው ድምፅህን የምትሰጠው?»

«አዎ» አለ። «ታውቃለህ። አንተን ግን አይመለከትም። አንተ ትሠራለህ።»

«ሕጉ የሚመለከተው እኔን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው።» እንግሊዝኛዬ ተደነቃቀፈ፤ ግን ጨረስኩት። «ስድስት ወር ቀርቶኛል። እነሱ ካሸነፉ ከዚህ ያስወጡኛል።»

ኬን ጉንጩን አከከ። ከዚያ «ወረቀቱን አምጣና አሳየኝ» አለ። «ዛሬ። ከሻይ በኋላ። ራሴ ማንበብ እፈልጋለሁ።»

መሰላሉን አመጣን። ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ ክንዱን ያዝኩት። የሙሌን ጓንት አደረግሁና እኔ ወጣሁ። ቅጠሉን በእፍኝ እያወጣሁ ጣልኩ። የባንዲራውን ጫፍ ከውስጡ ስስብ ውኃው ፏ ብሎ ወረደ።

«ይህንንስ ምን ላድርገው?» አልኩ ከላይ።

«አንተ ነህ እዚያ ያለኸው» አለ።

ቤቱ የእሱ ነው። ገመዱን አጥብቄ መልሼ አሰርኩት፣ ውኃ መውረጃው ውስጥ እንዳይገባ ከፍ አድርጌ። ከዚያ ቁልቁል አየሁ። ኬን ሁለት እግሩን ከፍቶ ቆሞ፣ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞታል። አንዴም አልተነቃነቀም።